የአሥራ ሁለቱ ፎቶዎች ጀርባ

ሙጂባ አዋሽ ሰባት ኪሎ ውስጥ የምትታወቀው በሌባ ልጅነት ነው። አባቷ መሀመድአሚን በባቡር ጣቢያው ሆቴል አስተናጋጅ ሳሉ አንዲት ጣሊያናዊት አሮጊት እዚያው ታመው ሞቱ፤ አሥራ ሁለት ፎቶዎቻቸው ከመሀመድአሚን ቤት ተገኙ። «ማዳም ናቸው የሰጡኝ» ቢሉ ማን ሰምቷቸው! ከሥራ ተባረሩ። ፎቶዎቹን የሚወርስ ዘመድ ስላልመጣ እዚያው ቤት ቀሩ፤ መሀመድአሚንም ከነክፉ ስማቸው ተቀበሩ።

ፎቶዎቹ የጥንት ሮማ ሐውልቶች ናቸው። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት፣ ካሜራ ብርቅ ሳለ፣ በወፍራም ካርቶን ላይ እየተለጠፉ ሮማን ለሚጎበኝ መንገደኛ ይሸጡ እንደነበር ለሙጂባ የነገራት የሰመራው መምህር ፍቅረሰላም ነው። ልጇ አፍናን በስልክ አንስታ ብትልክለት ዐውደ ርዕይ ላይ ሊሰቅላቸው ፈለገ። ሙጂባ አንድ ነገር ብቻ ለመነችው፤ ከሥራቸው «ለመሀመድአሚን የተሰጡ» ተብሎ እንዲጻፍ። ማስረጃ ከተገኘ እንደሚጽፍ ቃል ገባላት።

በእሷ ቤት የከበረ ወረቀት ላሚኔት ሳይደረግ ሰው ፊት አይቀርብም። ንግድ ፈቃዷም የልጆቿ ሰርተፊኬትም በፕላስቲክ የታሸገ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት ወሰደቻቸው፤ ካርቶኑ ግን ለማሽኑ ወፈረ። ባለማሽኑ አቡሽ እርቃናቸውን የቆሙትን ሐውልቶች እያየ፣ «እትዬ፣ ለእነዚህስ ከፕላስቲክ በፊት ሽርጥ ነው የሚያስፈልጋቸው» አላት።

እየሳቀች ቤቷ ተመልሳ ሳፋ ውስጥ ዘፈዘፈቻቸው። ፎቶዎቹ አንድም ሳይቀደዱ ከካርቶኑ ሲላቀቁ አልሐምዱሊላህ አለች። በካርቶኑ ጀርባ የነበረው የፈረንጅ ጽሕፈት ውሃውን ሰማያዊ አደረገው፤ የሻጩ ማስታወቂያ መስሏት የፈራረሰውን ካርቶን ጠራርጋ ጣለችው። ፎቶዎቹም ታሸጉ።

ሰመራ ስትደርስ ፍቅረሰላም ፕላስቲኮቹን ደጋግሞ አገላበጠ። ካርቶኑ የት እንዳለ ጠየቃት፤ ነገረችው። ስልኩን ከፈተ። አፍናን ሳታስበው የአንዱን ጀርባ አብራ ልካ ኖሯል፤ ጣሊያንኛ የሚያውቅ ባልደረባው የተረጎመለት ያን ዕለት ጠዋት፣ ሙጂባ መንገድ ላይ ሳለች ነው።

«ደብዳቤ ነው፣ እትዬ። ከላይ ‹ከአሥራ ሁለት አንድ› ይላል። ሌላው በቀሩት ላይ ነበር።»

«ያለውን አንብብልኝ።»

«‹ለመሀመድአሚን። ሳልሞት አንድ እውነት ጽፌ ማለፍ አለብኝ። እነዚህን ፎቶዎች አንተ…›»

«አንተ ምን?»

«እዚህ ላይ ያልቃል።»

ደግሞ እንዲያነብላት ጠየቀችው፤ አነበበላት። ከዚያ ወዲያ የሚጨመር ቃል አልነበረም። ፍቅረሰላም ይህችኑ ታህል ከፎቶዎቹ ጎን ሊለጥፍላት እንደሚችል ነገራት።

«ተወው ልጄ» አለች ሙጂባ። «ሰባት ኪሎ ያቺን ቃል እንዴት አድርጎ እንደሚጨርሳት አውቃለሁ።»