ማኅበር የሌላቸው ጫጩቶች

ጫጩት እንደ ሲሚንቶ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። ከቢሾፍቱ በአውሮፕላን ያስመጣኋቸው የአንድ ቀን ጫጩቶች ግን ጁባ አየር ማረፊያ፣ ዕቃ መልቀቂያው ቢሮ በራፍ ላይ፣ በካርቶን እንደታሸጉ ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ይንጫጫሉ። ሸሪካት ሰፈር፣ እኔ ግቢ ውስጥ፣ ቤታቸው ተጠርጎ፣ ውሃቸው ተቀድቶ ይጠብቃቸዋል። እኔ እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ፣ በካርቶኑ ቀዳዳ አጮልቄ አያለሁ።

«ማናህሎሽ፣ ወረቀትሽ አይሠራም» አለኝ የቢሮው አለቃ በእንግሊዝኛ። «የኢትዮጵያ የጤና ማረጋገጫ እዚህ ዕውቅና የለውም። ከምሥራቅ አፍሪካ ማኅበራችን አባል አገር አምጪ።»

ኢትዮጵያ ጎረቤት ናት፤ ድንበር እንጋራለን። ማኅበር ግን አንጋራም። በኡጋንዳ ዞረው ቢመጡ ጤነኛ ይባሉ ነበር፤ በቀጥታ ስለመጡ በሽተኛ ሆኑ። ይህን ሕግ ያወጣውን ሰው ከነዚህ ጫጩቶች ጋር ፀሐይ ላይ ቢያውሉልኝ!

የተማመንኩት በኦቻን ነበር። እዚያው ቢሮ ፈታሽ ነው። የደቡብ ሱዳን አኙዋክ ነው፤ ጋምቤላ፣ ፒኝዶ የስደተኞች መጠለያ ካምፕ ስላደገ አማርኛ እንደኔው ይናገራል። እሁድ እሁድ ቤቴ ይበላል፣ «እታለም» ይለኛል። ዛሬ ግን ቀና ብሎም አላየኝ። ጭራሽ ካርቶኖቹን በጋሪ ጭኖ ወደ ጓሮ መግፋት ጀመረ። ወደ ጓሮ የሚወሰደው ደግሞ የሚቃጠል ዕቃ ነው። ትዕግሥቴ አለቀ።

«በሕግ አምላክ!» ብዬ ጮህኩ።

ኦቻን ባለበት ደርቆ ቀረ። እኛ አገር ያደገ ሰው ይህን ሰምቶ አያልፍም። ቢሮው በሳቅ ፈረሰ። «ሐበሻ! ኦቻን ሐበሻ ነው!»

አለቃው ግን አልሳቀም። «ዘመድሽ ነው እንዴ?» አለኝ።

ኦቻን አጠገቤ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ወደ ጥላው ነበር እኮ የምወስዳቸው፣ እታለም» አለኝ። «ግቢሽ ውስጥ ለብቻቸው ተጠብቀው እንዲቆዩ ላስፈርምልሽ ነበር። አሁን ለዘመዱ ለመነ አይሉኝም?»

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት እኔ ነኝ። ጫጩቶቹ ደግሞ ድምፃቸው እየሳሳ ነው። ሌላ ነገር አልታየኝም። ጣቴን ኦቻን ላይ ቀሰርኩ።

«ዘመዴ? ይሄ?» አልኩ በእንግሊዝኛ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ይሄ ላጂ ነው!» ላጂ ማለት በነሱ ዓረብኛ ስደተኛ ማለት ነው። «በኛ እህል አድጎ ዛሬ እኔኑ ይከለክለኛል!»

አለቃው ጦርነቱን ጫካ ሆኖ ያሳለፈ ሰው ነው። ካምፕ ያደጉትን አይወድም። ሆዱን ይዞ ሳቀ፣ እየሳቀም ኦቻን ሊያስፈርምልኝ የነበረውን ፈቃድ ፈረመልኝ። «ማሌሽ፣ ኦቻን፣ ይቅር በላት» አለው።

ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ኦቻን ጋሪውን መኪናዬ ድረስ ገፍቶ ካርቶኖቹን በጥንቃቄ ጫነልኝ።

«ለነሱ ብዬ እኮ ነው፣ ወንድሜ» አልኩት። «እሁድ ትመጣለህ አይደል?»

«ይቅርታ ማዳም» አለኝ በእንግሊዝኛ፣ «አማርኛ አልሰማም።»