ከላውሪቢና ቁልቁል

ፖክራ ከተማ ላይ ጓደኛችንን ቢራጅን ከሐይቁ ዳር ማንቀሳቀስ አቃተን። ጠዋት ጀልባ፣ ከሰዓት እንቅልፍ፣ ማታ ደግሞ ጊታሩን ታቅፎ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ዘፈን። ነገ እንሄዳለን፣ ምን አስቸኮለሽ ይለኛል። ምን እንዳስቸኮለኝ እሱም ያውቃል። እኔ ካትማንዱ ውስጥ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው፤ የዓመት ፈቃዴ እዚያው እየተበላ ነበር። ዶልማ ደግሞ ጃፓን አረጋውያን ልትንከባከብ ቪዛዋ ወጥቷል። ሦስታችን ተማሪ ሳለን፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ቀን ትምህርት ቤቱ ጣሪያ ላይ ወጥተን በረዶ የለበሱትን ተራሮች እያየን፣ አንድ ቀን አብረን ጎሳይንኩንዳ ሐይቅ ድረስ በእግራችን እንወጣለን ተባብለን ነበር። አሁን ካልሆነ መቼ ሊሆን ነው?

በመጨረሻ ዶልማ ለምናው ተነሳ። እኔ ስቆጣው አይሰማም፤ እሷ ስትለምነው ግን እንቢ ማለት አይሆንለትም።

የእግር መንገዱ የሚጀምርበት ዱንቼ እስክንደርስ አውቶቡሱ ሲያንገጫግጨን ዋለ። ከዚያ ወዲያ ያለው ዳገት ነው። ቢራጅ ቦርሳው ውስጥ ያልከተተው ነገር የለም፤ ጂንስ በላይ በላዩ፣ ድምፅ ማጉያ፣ የፀጉር ቅባት። ገና ጫካውን ሳናልፍ ትከሻዬን አለ። ድምፅ ማጉያውን እኔ፣ ልብሱን ዶልማ ተሸከምንለት። ጊታሩን ግን ለማንም አልሰጥም አለ። ደግሞ መንደር ባየ ቁጥር ይቆማል። ድንች የምታወጣ ሴት ካየ አብሯት ይቆፍራል፤ ሽማግሌ ካየ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ስለ ልጆቹ ይጠይቀዋል። ሰው ሁሉ ይወደዋል። እኔ ከፊት ቆሜ እጠብቃለሁ።

ሲንግ ጎምፓ የሚባል መንደር አድረን በማግስቱ ላውሪቢና ገባን። ዛፉ ሁሉ ከታች ቀርቷል፤ ወደ ሐይቁ የቀረን የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ያደርንበት ቤት ባለቤት እትዬ ላክፓ ይባላሉ። አየሩ ስስ ስለሆነ በከፍታው እንዳንቀልድ አስጠንቅቀው የነጭ ሽንኩርት ሾርባ ሰጡን፤ ዛሬ አረቄ በአፋችሁ እንዳይዞር አሉ። እኔና ዶልማ ሾርባችንን ጠጥተን በጊዜ ተኛን። ቢራጅ ምድጃው ዳር የሌላ መንገደኛ ጓዝ ይዘው ከመጡ ተሸካሚዎች ጋር ካርታ ሊጫወት ቀረ።

ጠዋት ዶልማ ቀሰቀሰችኝ። ቢራጅ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያስመልሳል። የዳጉሳ አረቄ ይሸታል። ስካር መስሎኝ ጮህኩበት፤ ሊነሳ ሲል ግን እግሩ አልታዘዘውም። እትዬ ላክፓ መጥተው እስኪ ቀጥ ብለህ ተራመድ አሉት። እንደ ሕፃን ተንገዳገደ።

«ይሄ ስካር ብቻ አይደለም፣ ከፍታው ይዞታል» አሉ። «አሁኑኑ አውርዱት፣ ልጆቼ። ወደ ላይ አንዲት እርምጃ እንዳይሄድ።»

ተሸካሚዎቹ ቀድመው ወጥተዋል። ዶልማ እኔ ይዤው እወርዳለሁ አለች፤ ዓይኗ ግን ዳገቱ ላይ ነበር። አንዴ ጃፓን ከሄደች መቼ እንደምትመለስ ማን ያውቃል።

«አንቺ ወደ ሐይቁ ውጪ» አልኳት። ደግነት አልነበረም። ንዴት ነበር።

እሷ ከመንገደኞች ጋር ወደ ላይ፣ እኔ ቢራጅን ደግፌ ወደ ታች። መጀመሪያ ላይ እየደጋገመ ይቆማል፣ ያስመልሳል፣ እንደገና ትከሻዬ ላይ ይንጠለጠላል። ደንግጬ ስለነበር ንዴቴን ረስቼዋለሁ። ዛፎቹ መካከል ስንገባ ግን የፊቱ ወዝ ተመለሰ። ትንሽ ቆይቶ ያለ እኔ እርዳታ መራመድ ጀመረ። ከዚያ ማፏጨት። ያን ጊዜ ገደል ልከተው ምንም አልቀረኝም።

ሲንግ ጎምፓ ስንደርስ ድንች በአይብ አዘዘና በደንብ በላ።

«አየሽ፣ ተሻለኝ» አለኝ። «ዛሬ አርፈን ነገ ተመልሰን እንወጣለን።»

«ፈቃዴ አልቋል፣ ቢራጅ። ፖክራ ላይ ነው ያለቀው።»

«እሺ፣ ሌላ ጊዜ።»

«ሌላ ጊዜ ዶልማ የለችም። ሦስታችን ነበር የተባባልነው፤ ይኸው ብቻዋን ወጣች።»

ሹካውን አስቀመጠ። ምነው ትተሽኝ በሄድሽ አለኝ።

«ብትሞትስ? እናትህን ምን እላቸዋለሁ?»

ይቅርታ ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን ሳህኑን እያየ፣ «ይሄ ጉዞ ካለቀ ዶልማ መሄዷ ነው» አለ። «ለዚህ ነው ፖክራ ላይ ያቆየኋችሁ። እንዲያልቅ አልፈለግኩም።»

ይህን ሲለኝ ይብሱን ተናደድኩ። ዝም ብሎ ጥፋተኛ ቢሆንልኝ ይቀለኝ ነበር። አሁን እንደ ልቤ እንኳ ልቆጣው አልቻልኩም። ተነስቼ ልብሴን ላጥብ ሄድኩ።

ዶልማ ሊመሽ ሲል ደረሰች። እንዴት ነበር አልኳት።

«ጭጋግ ነበር። ምንም አይታይም። ምንም አልቀረብሽም።»

አፍንጫዋ በፀሐይ ተጠብሶ ቀልቷል። ቀኑን ሙሉ ሽቅብ ሳይ የዋልኩት ሰማይ ደግሞ አንዲት ደመና አልነበረችበትም።

«ዶልማ፣ አትዋሺኝ።»

ያኔ ነገረችኝ። የውሃው ዳር በረዶ ይዞ መሃሉ ጥቁር ሰማያዊ መሆኑን፣ ጫማዋን አውልቃ ስትነክረው ቅዝቃዜው አጥንቷ ድረስ እንደገባ፣ ከዚያ እዩት ብላ ዞር ስትል ሁለታችንንም አጥታ እንዳለቀሰች። ቢራጅ ከበሩ ሥር አንገቱን ደፍቶ ሰማ።

ዶልማ በወሩ በረረች። ሸኝተናት ስንመለስ እኔና ቢራጅ በአንድ ታክሲ ተሳፍረን እየቤታችን ገባን። ከዚያ ወዲህ በየጊዜው እየደወለ ዘንድሮ ወደ ሐይቁ እንውጣ ይለኛል። ባለፈው ሳምንት ቁርጡን ነገርኩት፤ ለጥቅምት ፈቃድ ወስጃለሁ፣ የምሄደው ብቻዬን ነው። መልካም መንገድ አለኝ። ልክ እንዳደረግኩ አውቃለሁ፤ ግን ስልኩን ከዘጋሁ በኋላም እስኪመሽ ስናደድ ዋልኩ።