ከጆሮ ጀርባ

አባቴን የጣልኩት በአውራ ጣቴ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ «መታጠቢያ ቤት ወድቆ ነው» እላለሁ፤ እሱም ውሸት አይደለም። ከመውደቁ በፊት ምን እንደሆነ የምናውቀው ግን በዚያ ምሳ ላይ የነበርነው አምስት ሰዎች ብቻ ነን።

አባቴ ሠላሳ አንድ ዓመት የአንደኛ ደረጃ መምህር ነበር። ተማሪዎቹ እሱ በሌለበት «አውራ ጣት» ይሉታል። ጠዋት ጠዋት የክፍሉ በር ላይ ይቆማል። ልጅ ሲደርስ በግራ እጁ ጆሮውን ወደ ፊት እጥፍ ያደርግና የቀኝ አውራ ጣቱን በምራቁ አርሶ ከጆሮው ጀርባ ፈተግ ያደርጋል። ከዚያ ጣቱን ለልጁ ያሳየዋል። ንጹህ ከወጣ «ግባ» ነው። ከጠቆረ «ቤትህ ሂድ፣ ታጥበህ ና።» አይቆጣም፣ አይማታም። ያቺ የጠቆረች ጣት ግን ከዱላ ትብስ ነበር።

እኔም ሁለት ዓመት አስተምሮኛል። የመምህር ልጅ ናት ብሎ ማለፍ ብሎ ነገር የለም፤ ጭራሽ እኔ ጋ ሲደርስ ጣቱ ይጠነክራል። አንድ ሰኞ፣ እናቴ አሟት ሳታጥበኝ ቀርታ፣ በአርባ ልጅ ፊት ጣቱን አሳየኝ። ያደርነው እኮ አንድ ቤት ነው! ቤቴ ሄጄ ታጥቤ ተመለስኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ገላዬን ሳልታጠብ ውዬ አላውቅም፤ ትኩሳት ይዞኝ እንኳ ታጥቤአለሁ። የምሠራውም ላውንድሪ ቤት ነው። የሰው አንሶላና ሸሚዝ ስተኩስ እውላለሁ፤ አፍንጫዬ ከሳሙና ሌላ ሽታ የለመደ አይደለም።

እናቴ ከሞተች በኋላ አባቴ እኛ ጋ ገባ። በመታጠብ ጉዳይ ቤታችን ውስጥ ሁለት ሰው ተስማምቶ አያውቅም። ባለቤቴ ብየዳ ነው የሚሠራው፤ የሚታጠበው እሑድ ብቻ ነው። ለምን ስለው «ብረት በየቀኑ ውሃ ካገኘው ይዝጋል» ይለኛል። የአሥራ አምስት ዓመቷ ልጄ ጠዋትም ማታም ገብታ ሙቁን ውሃ ትጨርሰዋለች። አክስቴ፣ የአባቴ ታናሽ እህት፣ እሑድ እሑድ ለምሳ ትመጣለች፤ የሷ ነገር ደግሞ ሽማግሌ በሳምንት አንዴ ይበቃዋል ነው። «አይሮጥ፣ አያልበው፣ ምን ቆሻሻ ይነካዋል?» ትላለች። ከኔ ጋር የነበረው አባቴ ብቻ ነው። «ሰው በየቀኑ ይታጠባል፤ በቃ» ይላል፣ ደስ ይለኛል። በዚህ ዓለም ላይ ከአባቴ ጋር አንድ የሚያደርገኝ ነገር ቢኖር ይሄ ነበር።

ከዚያ መሽተት ጀመረ።

መጀመሪያ ልብሱ መስሎኝ ልብሱን በሙሉ ሥራ ቦታ ወስጄ በትልቁ ማሽን አጠብኩት። ሽታው አልሄደም። ፍራሹ ይሆናል ብዬ ፀሐይ ላይ አወጣሁት። ሳሙናው ይሆናል ብዬ ቀየርኩት። እሱ ሆኖ ይሆናል ማለት አልቻልኩም፤ ምክንያቱም በየማለዳው ሲታጠብ እሰማዋለሁ። መታጠቢያ ቤት ገብቶ በሩን ይቆልፋል፣ ውሃው ይከፈታል፣ ሩብ ሰዓት ያህል ይወርዳል። ከዚያ ፎጣውን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ይወጣል። ፀጉሩ ርሷል። ፎጣውም ርሷል። «ሰው መሰልኩ» ይለኛል እያለፈ። ሲያልፍ ትንፋሼን እይዛለሁ።

ልጄ አብራው መብላት አቆመች። ባለቤቴ መስኮት ይከፍታል፣ በቃ። አንድ ቀን ግን «አባባ ሌላ ቦታ ቢያርፉስ» አለኝ። አባቴ በጠረኑ ምክንያት ከቤቴ ሊወጣ! የሰው ልጆችን ጆሮ ሲፈትሽ የኖረ ሰው! ይሄ እንዳይሆን ምን ላድርግ ብዬ ሌት ተቀን ሳስብ ሰነበትኩ።

አክስቴ በዚያው ሰሞን ጎትታ ወጥ ቤት አስገባችኝ። «ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ቤት አምጪው፤ እዚያ ይታጠብ» አለችኝ።

«ለምን? እኛ ቤት ውሃ የለም እንዴ?»

«ውሃማ አለ። ይሁን እንጂ... ወንድሜ አይደል፣ በሳምንት አንዴ ልየው።»

«አክስቴ፣ አባቴን በሳምንት አንዴ የሚታጠብ ሰው ልታደርጊው ነው?»

ዞራ ድስቱን ማማሰል ጀመረች። ነገሩ የገባኝ መስሎኝ በልቤ ሳቅኩባት።

አዲስ ሳሙና የገዛሁት ለማጣራት ነው። ላዩ ላይ ፊደል የተቀረጸበት ነበር። የኛ ሳሙና ሌላ ቦታ እንዲቀመጥ አደረግሁና ይሄን ለሱ ብቻ ተውኩለት። በሦስተኛው ቀን አየሁት፤ ሳሙናው ርሷል፣ ፊደሉ ግን እንዳለ ነው። በአምስተኛው ቀንም እንዳለ ነው። በአሥረኛው ቀን በጥፍሬ እየዳበስኩ አንድ በአንድ አነበብኩት። አሥር ቀን ሙሉ አባቴ በየማለዳው ውሃ ከፍቶ፣ ሳሙና አርሶ፣ ፎጣ አርሶ፣ ፀጉሩን አርሶ ሲወጣ ኖሯል። ገላውን ግን አልነካውም።

ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ውሸቱ ብቻ ነው የታየኝ። ያን ሁሉ ልጅ ከበር እየመለሰ፣ እኔን በአርባ ልጅ ፊት እያዋረደ፣ እሱ ዓይኑን በጨው አጥቦ ይዋሸኛል ብዬ ደሜ ፈላ።

እሑድ ደረሰ። አምስታችንም ጠረጴዛ ዙሪያ ነን። ሾርባው ቀርቧል። ልጄ ወንበሯን ቀስ በቀስ ወደ መስኮቱ ታስጠጋለች። አባቴ አይቷታል። ማየቱን ያወቅኩት ሳቅ ሳቅ እያለው ወደ ባለቤቴ ዞሮ ነገር ሲፈልገው ነው።

«አንተስ፣ ዛሬ ቀንህ አይደለም እንዴ? ብረቱ ውሃ አገኘ?»

«አገኘ፣ አባባ» አለ ባለቤቴ፣ ሳህኑን እያየ።

«እኔ ግን በየቀኑ ነኝ። ይቺ ልጄ ትመስክር።»

ልጄ ፍርፍር ብላ ሳቀች። አሳሳቋ እንደ አሽሙር ነበር፤ እሱ ግን አብሯት ሳቀ።

«አባዬ፣ ተው» አልኩት።

«ምኑን ልተው?»

«አልታጠብክም።»

«ውሃውን አልሰማሽም እንዴ?»

«ሰምቻለሁ።»

«አንቺ ልጅ፣ ሰውየው ምሳውን ይብላበት» አለች አክስቴ። ድምፅዋ ተንቀጥቅጧል፤ ያኔ ግን ልብ አላልኩትም።

እጄ ከኔ ቀድሞ ሄደ ብል ደስ ባለኝ። አልቀደመኝም፤ አስቤበት ነው የተነሳሁት። ከኋላው ቆሜ በግራ እጄ ጆሮውን ወደ ፊት አጠፍኩ። አውራ ጣቴን በምራቄ አርሼ ፈተግሁት። ያስተማረኝ እሱ ነው፣ አልተሳሳትኩም። ከዚያ ዞሬ ጣቴን ዓይኑ ስር አቆምኩለት። ጠቁሯል። ለባለቤቴም አሳየሁት፣ ለልጄም አሳየኋት።

«ቤትህ ሂድ» አልኩት፣ «ታጥበህ ና።»

እኔን አላየኝም፤ ጣቴን ነው ያየው፣ ብዙ ቆይቶ። ጆሮዎቹ ቀሉ። አባቴ ሲያፍር አይቼ አላውቅም ነበርና የቁጣ መሰለኝ። «እሺ» አለ፣ በቀጭን ድምፅ። ጠረጴዛውን ተደግፎ ተነሳ።

አክስቴ ብድግ አለች። «ቆይ፣ እኔ...»

«ተቀመጪ» አላት።

«ተይው አክስቴ፣ ይታጠብበት» አልኩ እኔም።

በሩ ተቆለፈ። ውሃው ተከፈተ። ባለቤቴ ማንኪያውን አስቀመጠ። እኔ ሾርባዬን ጠጣሁ። «አያችሁ፣ ቀላል ነገር ነበር» ማለቴን አስታውሳለሁ፤ ምላሴን በቆረጠው። ልጄ የዚያን ቀን ሳህኗን እንዳየች ነው የቀረችው።

ድም አለ። ከዚያ የውሃው ድምፅ ብቻ ሆነ።

ባለቤቴ በሩን በትከሻው ሰበረው። መታጠቢያ ገንዳችን የድሮ ነው፣ ጠርዙ ጉልበት ያልፋል። ለመታጠብ ጠርዙን ተሻግሮ ውስጥ መቆም ግድ ነው። ልጄ ዘላ ነው የምትገባው፤ እኔም አስቤበት አላውቅም። አባቴ ራቁቱን ጠርዙ ላይ ተጥሏል። ቀኝ እግሩ ገንዳው ውስጥ ነው፣ ግራው ውጭ ቀርቷል። ልብሱን አውልቆ፣ አጥፎ፣ የሽንት ቤት መቀመጫው ክዳን ላይ አስቀምጦታል። ውሃው ገንዳውን እየሞላ ነው፤ ከእግሩ በላይ ግን ገና አልነካውም ነበር፣ ገላው ደረቅ ነው። ፎጣ ይዤ ተንበረከክሁ። በእጁ የሸፈነው ኀፍረቱን አልነበረም። ጆሮውን ነበር።

ዳሌው ተሰብሯል። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ የጭንቅላቱን ፎቶ መስታወት ላይ አድርጋ አሳየችን። «ግራ ጎኑ ከደከመ ቆይቷል። ትንንሽ የደም መርጋት ነው፤ ስድስት ወር ሳይሆነው አይቀርም። ይሄን እግር ከስንዝር በላይ ማንሳት አይችልም ነበር፣ እጁም እንደዚያው። አልነገራችሁም?»

ያኔ ሁሉም ነገር ተራ በተራ መጣብኝ። ቁልፍ ያለው ሸሚዝ መልበስ ትቶ ሹራብ ብቻ ሲያጠልቅ፣ የሽማግሌ ዐመል ነው ብዬ ነበር። ዳቦ ቁረሺልኝ ሲለኝ መሞላቀቅ መስሎኝ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ጆሮ ያጠፈበት ግራ እጁ ሳሙና መያዝ አቅቶት፣ በየማለዳው በር ቆልፎ የውሃ ድምፅ እያዳመጠ ሩብ ሰዓት ይቀመጥ ነበር።

ኮሪደሩ ላይ አክስቴ ግድግዳ ተደግፋ ታለቅሳለች። «ለኔ ነግሮኛል» አለችኝ። «አስምሎኝ ነው። ልጄ ካወቀች እንደ ሕፃን ታጥበኛለች፣ ከዚያ በኋላ በምን ዓይኔ አያታለሁ አለኝ። ለዚያ እኮ ነው ቅዳሜ ቅዳሜ አምጪው ያልኩሽ። የኔ ቤት ወለል ላይ ነው የሚታጠቡት፤ በርጩማ ላይ አስቀምጬ በሳምንት አንዴ እንኳ... በሳምንት አንዴ ነበር የምችለው፣ ልጄ። ጉልበቴም የለ።»

እቅፍ አድርጋኝ ስታለቅስ እኔ እንባም አልመጣልኝ። ቀኝ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼው ነበር።

አሁን አባቴ ከአልጋ አይነሳም። ያለበት ቤት የአረጋውያን መጦሪያ ነው፤ ክፍሉን ሌሎች ሦስት ሽማግሌዎች ይጋሩታል። ማክሰኞና ዓርብ በእርጥብ ጨርቅ ይጠርጉታል፣ በቃ። በየቀኑ ይሁንለት ብዬ ብለምን አስታማሚዋ ወረፋውን አሳየችኝ። እኔ ላጥበው ብዬ አንድ ቀን ጨርቅ ይዤ ቀረብኩ፤ እየጮኸ ብርድ ልብሱን አገጩ ድረስ ሳበው። ልጁ መሆኔን ረስቷል። ያችን የእሑድ ምሳም ረስቷታል። ያልረሳው አንድ ነገር ብቻ ነው።

በር ላይ ሲያየኝ ፊቱ ይለወጣል። ይፈራኛል። በደህናው እጁ ጆሮውን ወደ ፊት አጥፎ ጭንቅላቱን ያዘነብልልኛል።

«ታጥቤአለሁ» ይለኛል። «ይዩልኝ።» አባቴ እኔን እርስዎ ይለኛል።

መጀመሪያ ሰሞን «ንጹህ ነህ አባዬ» እያልኩ አልፈው ነበር። አያምነኝም። ጆሮውን እንዳጠፈ እጁ እስኪዝል ይጠብቃል። ጣቴን ካላየ አያርፍም። ስለዚህ አጠገቡ ቁጭ እላለሁ፣ የቀኝ አውራ ጣቴን በምራቄ አርሳለሁ፣ ከጆሮው ጀርባ ፈተግ አደርጋለሁ። ይጠቁራል፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ ተጠርጎ እንዴት አይጠቁር። የጠቆረችውን ጣት ወደ ኋላዬ ደብቄ የግራዋን አወጣለታለሁ፣ ዓይኑ ስር አቆምለታለሁ። ንጹህ ናት።

ትኩር ብሎ ያያታል። ትከሻው ዘና ይላል።

«ልግባ?» ይለኛል።

«ግባ» እለዋለሁ።

ከብርድ ልብሱ ስር፣ ግራ እግሩን ሊያነሳ ሲታገል አያለሁ።