የዋና ፈተና

«ጠርዙን እንዳትነኪ!» ሲል ጮኸ መምህር አብዱናሲር። ዋፊቃ ግን ነክታዋለች።

ፈተናው አዳማ መሀል ባለ አንድ ሆቴል የመዋኛ ገንዳ ውስጥ ነበር፤ እየዋኘ ጠርዝ የነካ ይወድቃል። ተፈታኞቹ አብዱናሲር በመርከብ ሙያ የሚያሠለጥናቸው ልጆች ናቸው። እሱ ራሱ ወጣትነቱን በመርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ ፈጅቶ፣ ጆሮው መድከም ሲጀምር ተመልሶ፣ ባሕር አይተው ለማያውቁ ልጆች ስለ ባሕር ማስተማር ከጀመረ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ድሮ ስለ ሞገድና ስለ ዓሣ አውርቶ አይጠግብም ነበር፤ እሑድ እሑድም ላንጋኖ ወርዶ ይዋኛል። አሁን እሑድን የሚያሳልፈው ተኝቶ ነው።

የዋፊቃ እናት ወይዘሮ ሑስና አርሲ ነገሌ የሚኖሩ እህል ነጋዴ ናቸው። ማልደው ተነሥተው መጥተው ከጃንጥላው ሥር ተቀምጠው ነበር። አሁን ተነሥተው ተጠጉት።

«ነካች አይደል? አይቻለሁ።»

«ነክታለች።»

«እንግዲያው ይጣሏት፣ መምህር። በአላህ ይዤዎታለሁ! ከሷ ሌላ ልጅ የለኝም። ባሕር ላይ እያለች ብሞት መች ትደርስልኛለች?»

አብዱናሲር የአባቱን ሞት የሰማው ከተቀበሩ ከሳምንታት በኋላ፣ መርከቡ ወደብ ሲደርስ ነበር።

«ላትደርስ ትችላለች» አላቸው። «እኔም አባቴን አልቀበርኩም። አልዋሽዎትም።»

ዋፊቃ እያለከለከች መሰላሉን ይዛ ቀና አለች። «ትንፋሽ አጥሮኝ ነው፣ መምህር። ልድገመው?»

ደንቡ አንዴ መድገም ይፈቅዳል፤ ያውም ፈታኙ ከወደደ ነው። ቢጥላት የሚጠይቀው የለም። እናትየው ደስ ይላቸዋል፤ እሱም ቶሎ ቤቱ ገብቶ ጋደም ይላል።

«እናትሽ ያሉትን ሰምተሻል?»

«ቤትም በየቀኑ ነው የምትለኝ።» ወደ እናቷ ዞረች። «እማዬ፣ ከወደቅኩም በራሴ ልውደቅ።»

ወይዘሮ ሑስና ሻርፓቸውን አስተካከሉ።

አብዱናሲር ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀ። ጉልበቱ ቋ አለ። ከዚያ የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ በእናትየው መዳፍ ላይ አኖረው።

«ይያዙልኝ። እኔ አጠገቧ እዋኛለሁ» አላቸው። «ጠርዙን ከነካች እርስዎ ይንገሩኝ።»

ከነሸሚዙ ገንዳው ውስጥ ገባ።