በባዶ ሆድ

ፍሪጁ ውስጥ አንድ ነገር ቧጠጠ።

ፍሪጅ ጠጋኙ ወጣት የመሣሪያ ቦርሳውን ትከሻው ላይ እንዳንጠለጠለ ኮሪደሩ መሃል ቆመ። የዚህን ቤት ድምፅ ሁሉ ለይቶ ያውቃል፤ የሞተሩን ማጉረምረም፣ ውርጭ የያዘውን መስኮት ማቃሰት፣ የአክስቱን ነጠላ ጫማ። ይህ ከሁሉም የተለየ ነው። ቀርፋፋ የጥፍር ድምፅ። አንዴ ቧጠጠና ዝም አለ። ቆይቶ ደገመ።

ፍሪጁ ውስጥ ምግብ የለም። ያለችው ኤሊ ናት። እናቱ በሕይወት ሳለች «አሮጊቷ» ትላት ነበር፤ ስሙ በዚያው ጸና። ከእናቱ የቀረችው ነፍስ ያላት ነገርም እሷው ብቻ ናት። አሮጊቷ የብርዱን ወራት ተኝታ ነው የምታሳልፈው። የቤቱ ሙቀት ያለጊዜዋ እንዳይቀሰቅሳት፣ የውጪውም ውርጭ እንዳይገድላት፣ አንድ የተጣለ ፍሪጅ ጠግኖ፣ መደርደሪያውን አውጥቶ፣ ደረቅ ቅጠል የሞላው ሣጥን አስገባላት። በየጠዋቱ አየር እንድታገኝ በሩን ከፈት አድርጎ ይመልሰዋል። የተኛች ኤሊ ግን አትቧጥጥም።

ከፈተው። ቀድሞ የመጣው ሽታው ነበር፤ እርጥብ ሣር ጆንያ ውስጥ ታፍኖ ሲከርም የሚሸተው ዓይነት። አሮጊቷ አንገቷን አስግጋ በኋላ እግሮቿ የሣጥኑን ግድግዳ ትገፋለች። አፏ ጥግ ላይ አረንጓዴ ለሃጭ ተንጠልጥሏል። ዓይኖቿ እንደተከደኑ ናቸው።

መጀመሪያ የጠረጠረው የገዛ እጁን ሥራ ነው። ቴርሞሜትሩን አየ። የበሩን ጎማ በጣቱ ዳበሰ። ጎንበስ ብሎ ሞተሩን አዳመጠ። ማሽኑ ምንም አልሆነም፤ ያ ደግሞ ይበልጥ አስፈራው። የተበላሸው ማሽኑ ቢሆን ኖሮ ፈትቶ ይጠግነው ነበር።

«በረዶው፣ አልወጣህም እንዴ?» አክስቱ ከማድ ቤት ብቅ አለች። ሙያውንና ዝምታውን አንድ ላይ አድርጋ ያወጣችለት ስም ነው። «ፍሪጁ የተበላሸበት ሥጋ ሻጭ አንተን ሲጠብቅ ሥጋው ተልቶ መንገድ ይጀምርለታል።»

«አሮጊቷ ነቅታለች።»

አክስቱ ባለችበት ቀረች። ያን ፍሪጅ የሬሳ ሣጥን ነው የምትለው፤ ሲከፈት ፊቷን ታዞራለች። አሁን ግን አላዞረችም።

«ሆዷን ቆርጧት ይሆናል» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሰላጣው በዝቶባት።»

«የቱ ሰላጣ?»

እጇን ሽርጧ ላይ ጠረገች።

አሮጊቷን ከማስተኛቱ በፊት ለሳምንታት አላበላትም። በየቀኑ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ እየዘፈዘፈ ሆዷ ባዶ እስኪሆን ጠበቀ። በቅዝቃዜ ውስጥ ሆዷ አይሠራም፤ የቀረ ምግብ ካለ እዚያው ይበሰብሳል። ይህን ለአክስቱ ደጋግሞ ነግሯት ነበር። እሺ፣ እሺ ብላዋለች። ግን እሱን ራሱን ደክሞት እንቅልፍ ሲጥለው ቀስቅሳ የምታበላ ሴት ናት።

«ልታስተኛት ስትል ነው፣ አንተ ቅጠል ልታመጣ ስትወጣ» አለች። «አንድ እፍኝ ብቻ። አበላሏን ብታየው፣ ጣቴን አብራ ልትውጠው ነበር።»

«ነግሬሽ ነበር እኮ፣ አክስቴ።»

«ነግረኸኛል። ሐኪሞቹም ነግረውኝ ነበር።» ሽርጧን አስተካከለች። «ነገ ቀዶ ሕክምና አላት፣ ምንም እንዳትሰጫት አሉኝ። እናትህ አንድ ማንኪያ ሾርባ ለመነችኝ። እህቴ፣ አንድ ማንኪያ ብቻ አለችኝ። ከለከልኳት። በባዶ ሆዷ አስተኟት፤ በዚያው ቀረች።»

እናቱ ሾርባ መለመኗን እስከዛሬ አልሰማም ነበር። ስልኩን አውጥቶ ለእንስሳት ሐኪም ደወለ።

«ቀስ እያልክ አሙቃት» አለው ሐኪሙ። «ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቆያት። የሆዷን ካወጣች ተስፋ አለ። እስከዚያ አፏ ውስጥ ምንም እንዳይገባ። ሥራዬን ስጨርስ መጥቼ አያታለሁ።»

ለሥጋ ሻጩ ደውሎ ዛሬ እንደማይመጣ ነገረው። «እንግዲያው ከሥጋው ጋር የምሰቅለው አንተን ነው» ብሎ ሰውየው ስልኩን ዘጋበት።

ሳሎኑ ወለል ላይ ለብ ያለ ውሃ የያዘ ሳፋ አስቀምጠው፣ አሮጊቷን ውስጡ አድርገው ግራና ቀኝ ተቀመጡ። ውሃው በቀዘቀዘ ቁጥር እሱ ይቀይረዋል። የምሳ ሰዓት አለፈ፤ አክስቱ ብላ አላለችውም። ቤቱ ውስጥ ምንም አልተጣደም። ቀኝ እጇን የሽርጧ ኪስ ውስጥ ከትታ ውሃውን ታያለች፤ ከኪሱ አፍ አንዲት አረንጓዴ ጫፍ ብቅ ብላለች።

«ኪስሽ ውስጥ ምንድነው?» አላት።

«እጄ ነው።»

ብርሃኑ ከመስኮቱ መሸሽ ሲጀምር አሮጊቷ ዓይኖቿን ገለጠች። አንገቷን ከውሃው መዘዝ አድርጋ ወደ አክስቱ ዞረችና ቀስ ብላ አፏን ከፈተች።

«ርቧታል» አለች አክስቱ።

«አልራባትም።»

«በምን አወቅህ?»

ጎንበስ ብሎ ውሃውን አየ። አልደፈረሰም፤ ጥርት እንዳለ ነው፤ የሆዷን ገና አላወጣችም። ጣቱን ነከረ፤ መቀዝቀዝ ጀምሯል። ሙቁ ውሃ ያለው ማድ ቤት ነው። ተነሣና ትንሽ ቆመ።

«ሂድ አምጣ» አለችው፤ ቀና ብላ አላየችውም። «እኔ እዚሁ ነኝ።»

ኮሪደሩ ላይ ክፍቱን ባዶ ፍሪጅ አልፎ ሲሄድ ከኋላው ጥፍር ሳፋውን ሲቧጥጥ ሰማ። ከዚያ ዝም አለ።