የማስቆም ሥልጣን

«የሞተ አይታሰርም፣ እታለም» አላት ወንድሟ በሹክሹክታ። ወንበሩን ወደ እሷ አስጠግቷል። ሻዩን ሳይቀምሰው ብርጭቆውን በሁለት እጁ ጨብጦ ተቀምጧል።

ቀና ብላ አላየችውም። ሳሎኑ በለቀስተኛ ተሞልቷል። ወንበሮቹ ከየጎረቤቱ የተሰበሰቡ ስለሆኑ አንዱ ከአንዱ አይገጥምም። የሚገባው ሰው «ያጥናሽ» ይላል፣ ጥቂት አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል፣ ከዚያ ሳያስበው ወደዚያው ወሬ ይመለሳል። ነፋሱ፣ ጣራው፣ የወደቀው ምሰሶ። አንድ አዛውንት ጎናቸው ላለው ሰው፣ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ የመድረኩ ኃላፊ እሱ አልነበረም እንዴ?» ሲሉ በጆሮዋ ሰምታለች።

ወንድሟም የሚላት ያንኑ ነው፣ ቃሉን አለስልሶ። መርማሪዎቹ የያዙት ጥያቄ፣ ነፋሱ ሲበረታ ዝግጅቱን የማስቆም ሥልጣን የማን ነበር የሚል ነው። መድረኩን የሠራው የሞተው ባሏ ነው፤ የሙዚቃ ዝግጅቱ ባለቤት ወንድሟ። እሷ ምንም አልሰማሁም ካለች ጥፋቱ ከሟቹ ጋር ተቀብሮ ይቀራል። ከተናገረች ግን ወንድሟ ወህኒ ይወርዳል፣ ልጆቹም ሜዳ ላይ ይበተናሉ። «እሱን እንደሆነ ከእንግዲህ ምንም አይነካውም» አላት። «እኔ ግን የናትሽ ልጅ ነኝ።»

እናታቸው ስትሞት እሱ ገና አፉን ያልፈታ ሕፃን ነበር። አጥባ፣ አጉርሳ፣ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ባሏን ከእሱ ጋር ያሠራችውም እሷው ናት፤ ሁለት የምወዳቸው ሰዎች አንድ ላይ ቢሠሩ ምን ይጎድላል ብላ።

ባሏን የሥራ ጓደኞቹ «አንጋጦ» ይሉት ነበር። የትም ቢገባ መጀመሪያ የሚያየው ጣራውን ነው። አንድ ሠርግ ላይ ሰው ሁሉ ሙሽራዋን ሲያይ፣ እሱ ከበላይዋ የተንጠለጠለውን ትልቅ መብራት ሲመረምር፣ ሙሽራው መጥቶ «የኔን ሚስት ያላየህ አንተ ብቻ ነህ» ብሎታል። እሱም መብራቱ የታሰረበትን ገመድ ሳያስጠብቅ አልተቀመጠም።

ባለፈው ዓመት በአንድ ትልቅ ዝግጅት መሀል ነፋስ ሲነሣ ድምፁን አስጠፍቶ፣ ዘፋኞቹን አስወርዶ፣ የመድረኩን ጣራ በሰንሰለቱ ዝቅ አስደረገው። ነፋሱ ግን ብዙም ሳይቆይ ተኛ። ሕዝቡ አፏጨ። ወንድሟ በማግስቱ እዚሁ ሳሎን መጥቶ፣ ባልሽ ደመና ባየ ቁጥር ዣንጥላ ይዘረጋል ብሎ አፌዘ። ባሏ አብሮ ሳቀ። «ግድ የለም» አለ። «ሁሉም ያፌዙብኝ በደህና ቤታቸው ስለገቡ ነው።» ከዚያ ወዲህ ግን ወንድሟ አዲስ ደንብ አወጣ፤ ያለ እሱ ፈቃድ ድምፅም ሆነ መብራት የሚያጠፋ፣ ጣራም የሚያወርድ ሠራተኛ ይባረራል።

ምሰሶው የወደቀ ቀን ከሰዓት በኋላ እሷ ግቢ ውስጥ ልብስ እያሰጣች ነበር። አንሶላው ከእጇ እያመለጠ አስቸገራት። ስልኳ ጮኸ፤ ባሏ ነው፤ ከጀርባው ሙዚቃው ያስተጋባል። «ወንድምሽ የኔን አያነሳም» አላት። «አንቺ ደውዪለት። ሕዝቡ ከፊት ይነሣ፣ ጣራው ይውረድ በይው።» ደወለች። ወንድሟ አነሳ። አንድ ዘፈን ብቻ ነው የቀረው፣ ያ ፈሪ ይታገሥ አላት። ስድቡን አስቀርታ የቀረውን ለባሏ አደረሰችለት። ባሏም «እሺ፣ የሚዘፍኑትን ልጆች እኔው ላውርዳቸው» አላት። መድረኩ ላይ ወጥቶ ዘፋኞቹን እየገፋ ሲያስወርድ ምሰሶው ተነቀለ። ዘፋኞቹ ተረፉ። እሱና ከፊት ቆማ የነበረች አንዲት ልጅ ሞቱ።

የልጅቷ እናት ወደ ለቅሶ ቤቱ የመጣችው ወንድሟ ሹክሹክታውን ሳይጨርስ ነበር። ማን እንደሆነች አንዱ ለአንዱ ተንሾካሾከ። ልትሳደብ ነው የመጣችው ብለው የሚያስወጣትን ሰው በዓይናቸው የፈለጉ ነበሩ። ሴትዮዋ ግን ያጥናሽ አለች፤ ከሟቹ ሚስት ፊት ለፊት ባገኘችው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አለቻት። «ባልሽ ማስቆም እየቻለ ነው ዝም ያለው?»

እሷ አዎ ብትል ይህች ሴት ጠዋት በተነሣች ቁጥር የሟቹን ስም እየጠራች እንደምትረግም አሰበች። አላውቅም ብትልም ያው ነው።

«አልቻለም» አለች። «ጣራው ይውረድ ብሎ ነበር። እምቢ ያለው ወንድሜ ነው። መልእክቱን ያመላለስኩት እኔ ነኝ፤ የሁለቱንም ቃል ሰምቻለሁ። አንድ ዘፈን ነው የቀረው አለኝ።»

ወንድሟ ብርጭቆውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠው። ሴትዮዋ ዞራ አየችው። ሁሉም እርግማን ጠበቀ።

«የቱ ዘፈን ነበር?» ብላ ጠየቀችው።

አፉን ከፈተ። ሊያስታውስ ሞከረ፤ ሲሞክር ሁሉም አዩት። አላወቀውም። ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀችና ወደ እህቱ ዞራ፣ የነገርሽኝን ለመርማሪዎቹ ትደግሚዋለሽ ወይ አለቻት። እደግመዋለሁ ብላ መለሰችላት። ሴትዮዋ ተነሥታ ወጣች።

ወንድሟም ተነሣ። መርማሪዎቹ እስኪመጡ ከምጠብቅ እኔው ልሂድ አለ፣ ለማንም ሳይሆን። በሩ ላይ ካፖርቱን ደረበ፤ ቁልፎቹን ቀዳዳቸው ውስጥ ማስገባት ግን አቃተው። ካሉት ለቀስተኞች አንድም ከተቀመጠበት አልተንቀሳቀሰም።

እህቱ ተነሥታ መጣች። ፊቱን አላየችውም። ከታች ጀምራ እያንዳንዱን ቁልፍ ቆለፈችለት። የላይኛው ጋ ስትደርስ እንደ ልጅነቱ አገጩን ቀና አደረገላት።