ያልተነካው ቁልፍ

ልጅቷ ሥራዋን ይዛ ከቤት ስትወጣ ጠረጴዛውን አልወሰደችም። ላፕቶፑን፣ ትልቁን ስክሪንና እርስ በርሱ የተጠላለፈውን ገመድ ሁሉ ሰብስባ መሃል ከተማ የተከራየቻት አንድ ክፍል ቢሮ ውስጥ ከተተችው። ጠረጴዛው ግን ሳሎን ቀረ። እናትየው ላዩ ላይ ምንም አታስቀምጥም። ላፕቶፑ ለዓመታት የተቀመጠበት ቦታ ቀለሙ ነጣ ብሏል፤ ስትወለውል እዚያ ጋ ስትደርስ እጇ ዝግ ይላል።

ልጅቷ ድረ ገጽ ትሠራለች። ሱቅ ያለው፣ ክሊኒክ የከፈተው፣ ሰው በኢንተርኔት እንዲያገኘው የፈለገ ሁሉ ወደ እሷ ይመጣል። ሳሎን በነበረችበት ጊዜ እናትየው ሻይ እያቀበለች፣ "አሁን ይሄ ሥራ ነው? ቁጭ ብሎ ማፍጠጥ?" ትላት ነበር።

"ማፍጠጥ ብቻ አይደለም እማዬ፤ ማፍጠጥና መጨነቅ ነው።"

"መጨነቁን እንኳ ከኔ ነው የወረስሽው።"

ይሳሳቁ ነበር። አሁን ግን ቤቱ ጭር ከማለቱ የተነሳ የፍሪጁ ድምፅ እንደ ሰው ነው የሚሰማው። እሑድ እሑድ እመጣለሁ ብላ ነበር፤ ቀስ በቀስ እሑድም የሥራ ቀን ሆነ።

የቀረላቸው አንድ ነገር ነው። ልጅቷ ገጹን ለደንበኛ ከማስረከቧ በፊት እናቷ ሳትሞክረው፣ የሚነካውን ቁልፍ ራሷ ፈልጋ ሳታገኘው አይሆንም። "ፊደል ያልቆጠረችው እናቴ ያገኘችውን ማንም ያገኘዋል" ትላለች። ትደውላለች፤ የእናትየው ስልክ ላይ የሚታየው ሁሉ እዚያ ላፕቶፑ ላይ ይታያል፤ ጣቷ ባረፈበት ቦታም ትንሽ ክብ ምልክት ይወጣል። ታዲያ ልጅቷ መርዳት አይፈቀድላትም። ፍንጭ መስጠት የለ፣ ማሳል እንኳ የለ። ዝም ብላ የእናቷን ጣት ታያለች። ለእናትየው ከዚያ ዝምታ የሚበልጥባት ነገር የለም። ሥራ የሚበዛባት ልጇ ሁሉን ትታ ጣቷን እየተከተለች፣ ትንፋሿ በስልኩ ውስጥ ሲሰማ።

እናትየው ባለፈው ክረምት የማታ ትምህርት ጀምራለች። ለልጇ አልነገረቻትም፤ አንድ ቀን ገጹን እያነበበች ልታስደንቃት ነበር ሐሳቧ። ያ ቀን የጥርስ ሐኪሙ ሥራ ሲመጣ ደረሰ። ሐኪሙ፣ "ታካሚዎቼ አብዛኞቹ አዛውንቶች ናቸው፤ ለነሱ ካልቀለላቸው አልረከብም" ብሎ አስጠንቅቋል። እናትየው ገጹን ከፈተች። ከላይ የሚስቅ ጥርስ አለ። ከሥሩ አረንጓዴ ቁልፍ፣ ቁልፉ ላይ ነጭ ጽሑፍ። ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ አነበበችው፦ ቀጠሮ ለመያዝ እዚህ ይጫኑ።

አነበብኩት ልትል አፏን ከፈተች። ወዲያው የልጇን ትንፋሽ ሰማች። አሁን ብትነካው "ጎበዝ እማዬ፣ አለቀ፣ ቻው" ብላ ልትዘጋው አይደል? ማንበቧን ካወቀችማ ከእንግዲህ ለምን ትፈልጋታለች?

ጣቷ ሄዶ የሚስቀው ጥርስ ላይ አረፈ።

"የት እንደሆነ አልታየኝም ልጄ" አለች።

"ችግር የለም እማዬ፤ አስተካክዬ ነገ እደውላለሁ።"

በማግስቱ ቁልፉ ብርቱካንማ ሆኖ መጣ። እናትየው ስልክ ቁጥሩን ነካች። ቀጥሎ ቁልፉ ተለቅ ብሎ ወደ ላይ ወጣ። አድራሻውን ነካች። በየቀኑ ጥሪ ሆነ። ከልጅቷ ጋር የሚሠራው፣ ወሬ ስለማያልቅበት በቀልድ ዝምታ ብለው የሚጠሩት ጓደኛዋ ከኋላ ይጮሃል፦ "እማማ፣ በርስዎ የተነሳ ጥርሴን ሳፋጭ ልጨርሰው ነው! ደግነቱ ሐኪም አለን!" እናትየው ትስቃለች። ስልኩ ሲዘጋ ግን ፊቷን በመዳፏ ሸፍና ትቀመጣለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሲደወል ዝምታ አልቀለደም። የልጅቷም ድምፅ ቀጥኗል።

"ሐኪሙ፣ ገጹ እስከ ነገ ካልደረሰ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ ብሏል። አንዴ ሞክሪልኝ እማዬ።"

እናትየው ገጹን ከፈተች። ቁልፉ እዚያው ነው፤ እንደ በር ገዝፏል። ጣቷ አየር ላይ ቀረ።

"አልታየሽም አይደል?" አለች ልጅቷ። "ለናቴ የሚገባ ነገር መሥራት ካቃተኝ ለማን ልሠራ ነው? ቢሮውን ልልቀቅ መሰለኝ። ወደ ቤት ልመለስና ሳሎን ሆኜ ቅጥር ልፈልግ።"

እናትየው ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ ሄደ። ላፕቶፑን በነጣው ቦታ ላይ አየችው፤ የተጠላለፈውን ገመድም፣ ሲቀዘቅዝ የሚረሳውን ሻይም። "ነይ" የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። አንዲት ቃል ናት፤ ነገውኑ ልጅቷ ያለችው ሁሉ ይሆናል።

ዋጠችው። ከላይ ጀምራ ታነብ ገባች።

"ጤናማ... ጥርስ፣ ጤናማ... ፈገግታ። ቀጠሮ ለመያዝ... እዚህ ይጫኑ።" አንብባ ጨርሳ ቀጠለች። "መጀመሪያ አረንጓዴ ነበር። ከዚያ ብርቱካን አደረግሽው፤ ከዚያ ወደ ላይ ወሰድሽው። ሁሌም አይቼዋለሁ ልጄ። አረንጓዴው ጥሩ ነበር፤ እሱን መልሺው።"

ከወዲያ በኩል ወንበር ሲገፋ ተሰማ።

"ማንበብ ትችያለሽ?"

"እየተንተባተብኩ። የማታ ትምህርት ገብቼ ነው።"

"ታዲያ ምን ነካሽ? ለምን አትነኪውም?"

"ስነካው ትዘጊዋለሻ።"

"እኔኮ እንቅልፍ አጥቼ ነው የሰነበትኩት እማዬ።"

"አውቃለሁ።"

"አታውቂም።"

ስልኩ ተዘጋ። ቻው ሳትል ዘግታ አታውቅም ነበር።

ሐኪሙ አረንጓዴውን ወዶ ተረከበ። ይህንንም የነገራት ዝምታ ነው፤ "እማማ፣ እስከ መንጋጋው ድረስ ሳቀ!" የሚል የድምፅ መልእክት ልኮ። ልጅቷ ግን አልደወለችም። እናትየው ስልኩን ትወስድና የሐኪሙን ገጽ ትከፍታለች። ከላይ እስከ ታች ታነባለች፤ አሁን እምብዛም አትንተባተብም። ጣቷን በጽሑፉ ላይ ታስኬዳለች፤ የትም ብታሳርፈው የሚያይላት የለም። የማታ ክፍል ውስጥ መምህሯ "ጎበዝ" ስትላት እንባዋ ይመጣል፤ መምህሯ የደስታ ይመስላታል።

አንድ ጠዋት ስልኩ ጠራ።

"እማዬ።"

"ወዬ የኔ እናት።"

"ከእንግዲህ ለሙከራ አትሆኚኝም።"

"አውቃለሁ።"

"ክፍላችሁ ውስጥ ገና የጀመረ ሰው የለም? የመድኃኒት ቤት ሥራ መጥቶልኛል።"

እናትየው ጉንጯን በእጅጌዋ ጠረገች። "አትክልት ሻጯ አለች። ግን አፏ አያርፍም።"

"ግድ የለም፤ እዚህም ለምጄዋለሁ።" ከኋላ ዝምታ ሲቃወም ተሰማ።

አትክልት ሻጯ ከገበያ መልስ መጣች። እናትየው ጠረጴዛው ጋ አስቀመጠቻት፤ ስልኩንም በነጣው ቦታ ላይ አደረገችላት። ጥሪው ተከፍቷል። የሴትዮዋ ጣት ስክሪኑ ላይ ይንከራተት ጀመር።

"እዚህ ነው? አንቺ፣ ንገሪኝ እንጂ!"

"አይፈቀድም።"

"ልጅሽ ዝም፣ አንቺ ዝም! ለቅሶ ነው እንዴ የጠራችሁኝ?"

ከስልኩ ውስጥ የታፈነ ሳቅ አመለጠ። እናትየው ታውቀዋለች፤ ልጅቷ ትንሽ ሳለች ብርድ ልብስ ውስጥ ተደብቃ የምትስቀው ሳቅ ነው። እሷም ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ያዘች። ከዚያ ሁለቱም፣ አንዷ እዚያ አንዷ እዚህ፣ ዝም ብለው ያንኑ ጣት ያዩ ገቡ። የልጇ ትንፋሽ ይሰማታል።

ቁልፉ ሰማያዊ ነው፤ እናትየው ገና ሲከፈት ነው ያነበበችው። የአትክልት ሻጯ ጣት ተጠጋው፣ አለፈው፣ ደግሞ ተመለሰ።

ምነው ሳትነካው ትንሽ ብትቆይ፣ አለች እናትየው በሆዷ።